አባወራው የማያወራው ሕመም

ስለ ፕሮስቴት ጤንነትና ስለ ፕሮስቴት ካንሰር በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር





በምሥረታ በዓል ዕለት አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ ግብዓት አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ማዳበሪያውን የሚበትነው፣ ላሟን የሚያልበው፣ እህሉን ጭኖ ገበያ የሚያወጣው ሰው ጤና ካጣ ይህ ሁሉ ቁጥር ባለቤት አይኖረውም። የኅብረት ሥራ ማኅበራትን አቋቁመው እዚህ ያደረሱት አባቶች ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቷል። በዚህ ዕድሜ ወንዶችን ከሚያገኙ ሕመሞች አንዱ ደግሞ ፕሮስቴት በሚባለው ዕጢ ላይ የሚደርሰው ነው። ሕመሙ ብዙ ሰው የሚይዝ ሆኖ ሳለ የሚያወራው ግን የለም። ሰው የሚጎዳውም በአብዛኛው በዚህ ዝምታ ምክንያት ዘግይቶ ሕክምና ስለሚፈልግ ነው።

ለምን አይወራም?

በየካ ክፍለ ከተማ ከሾላ ገበያና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ጀምሮ እስከ እንጦጦ ተራሮች ድረስ ከብት አርብቶ ወተት የሚሸጥ፣ ጓሮውን ጎመንና ድንች የሚያለማ፣ ባሕር ዛፍ ቆርጦ የሚያወርድ ብዙ ሰው አለ። ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን ዳገት የወጣና ሸክም የተሸከመ በመሆኑ ወገቡን ሲያመው አይደንቀውም። «ኩላሊቴን ነው» ወይም «ብርድ መትቶኝ ነው» ይልና ወገቡን በነጠላ አሥሮ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ ለሽንት ሲነሣ ደግሞ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ሽንት ሲያቃጥለው ነገሩ ይብሳል። ጨብጥ ያዘው እንዳይባል ይፈራል፤ ከባለቤቱም ይደብቃል። በ1995 ዓ.ም በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ቤት ለቤት የሚዞሩት ባለሙያዎች አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። አባወራው ስለ መጸዳጃ ቤት ጉድጓድና ስለ ልጆቹ ክትባት ከእነርሱ ጋር በደስታ ይነጋገራል። በልጁ ዕድሜ ላለች ባለሙያ ስለ ሽንቱ መንገር ግን ነውር ይመስለዋል። እንዲህ ሲል ዓመት ሁለት ዓመት ያልፋል።

ፕሮስቴት ምንድን ነው?

ፕሮስቴት በወንዶች ላይ ብቻ የሚገኝ ዕጢ ነው። በጤነኛ ወጣት ላይ ከኮክ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ክብደቱም 20 ግራም ያህል ነው። የሚገኘው ከሽንት ፊኛ በታች፣ ከፊንጢጣ በላይ ካለው የአንጀት ክፍል ፊት ለፊት ነው። ሥራው ከዘር ፈሳሽ ጋር የሚቀላቀል ፈሳሽ ማመንጨት ነው።

ለዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻው አቀማመጡ ነው። ከፊኛው የሚወጣው የሽንት ቧንቧ በዚህ ዕጢ መሐል አልፎ ይወጣል። የመስኖ ቦይ የቆፈረ ገበሬ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። የቦዩ ግራና ቀኝ አፈር እያበጠ ወደ መሐል ከገፋ ምንጩ ባይነጥፍም ውኃው ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል፣ በመጨረሻም ይታገዳል።

ሦስት የተለያዩ ሕመሞች

በፕሮስቴት ላይ በብዛት የሚታዩት ችግሮች ሦስት ናቸው። ሦስቱን ለያይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው ከዕድሜ ጋር የሚመጣ መተለቅ ነው። ይህ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። በ50ዎቹ ዕድሜ ካሉ ወንዶች ግማሽ ያህሉ፣ 80 ዓመት ካለፉት ደግሞ አብዛኞቹ ዕጢያቸው እንዲህ ይተልቃል። ምልክቶቹ ሽንት ለመጀመር መቸገር፣ የሽንቱ መቅጠን፣ ከጨረሱ በኋላ መንጠባጠብ፣ ሌሊት ደጋግሞ መነሣትና ፊኛው ያልተሟጠጠ መስሎ መሰማት ናቸው። ሽንት ፈጽሞ እንቢ ካለ ግን ይህ የሌሊት ሰዓት እንኳን ቢሆን ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም የሚያስኬድ ድንገተኛ ችግር ነው።

ሁለተኛው የዕጢው መመርቀዝ ነው። ይህ በወጣቶችም ላይ ይደርሳል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሽንት ማቃጠልና ከእምብርት በታች ሕመም ያመጣል። ብዙውን ጊዜ በመድኃኒት ይድናል።

ሦስተኛው ካንሰር ነው። ካንሰር በአብዛኛው የሚጀምረው በዕጢው ውጫዊ ክፍል፣ ከሽንት ቧንቧው ራቅ ብሎ ነው። በመሆኑም ገና በጅምሩ ቦዩን አይዘጋም። ሰውየው በደንብ ይሸናል፣ በደንብ ይበላል፣ ዳገቱን ይወጣል፤ ካንሰሩ ግን በውስጡ አለ። ምልክት ሲታይ ብዙ ጊዜ በሽታው ሰፍቷል፤ በሽንት ወይም በዘር ፈሳሽ ውስጥ ደም ይታያል። ወደ አጥንት ሲዛመት ደግሞ በወገብ፣ በዳሌና በጎድን ላይ ሌሊት የሚጠና፣ በዕረፍት የማይሻለው ሕመም ይመጣል። «ኩላሊቴን ነው» የሚለው አባት ለብዙ ወራት የሚታገሠው አንዳንዴ ይህንን ነው። ከወገብ ሕመሙ ጋር እግር ከዛለ፣ ከደነዘዘ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካልተቻለ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም። በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ እግሩን ሊያተርፍለት ይችላል።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮችን መያዝ ይገባል። የሽንት ችግር ያለበት ሁሉ ካንሰር የለበትም፤ አይደንግጥ። የሽንት ችግር የሌለበትም ሁሉ ከካንሰር ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ አይዘናጋ።

በሽታው ምን ያህል የተስፋፋ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ወንዶች አዲስ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ 400 ሺህ የሚጠጉ ደግሞ ሞተዋል። በወንዶች ላይ ከሚገኙ የካንሰር ዓይነቶች በብዛት ሁለተኛው ነው። በአገራችን በ2004 ዓ.ም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር ምዝገባ ከተጀመረ ወዲህ የፕሮስቴት ካንሰር በወንዶች ላይ በብዛት ከተመዘገቡት መካከል ይገኛል። የሚመዘገበው ግን ሐኪም ዘንድ የደረሰው ብቻ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። «ወገቡን ታሞ ሞተ» ተብሎ የተቀበረው በመዝገብ አይገባም።

ስለ ሁለት የ83 ዓመት ሰዎች

የፕሮስቴት ስም በአገራችን በይፋ ከተነሣባቸው ጊዜያት አንዱ ነሐሴ 1967 ዓ.ም ነው። ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ከወረዱ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ በ83 ዓመታቸው ማረፋቸው ተነገረ። ደርግ የሰጠው ምክንያት ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘ ነበር። ሐኪማቸው የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን በቀዶ ሕክምናው የተነሣ የተፈጠረ ችግር እንዳልነበረ በመግለጽ ይህን ምክንያት አልተቀበሉትም። ደርግ ከወደቀ በኋላ በቀድሞ ባለሥልጣናት ላይ በቀረበው ክስ ንጉሠ ነገሥቱ ታንቀው መገደላቸው ተገልጿል። ቀዶ ሕክምናው የእርሱ ያልሆነ ጥፋት ተሸክሞ ነበር ማለት ነው። ዛሬም «እዚያ ቦታ ቢላ ካረፈ ሰው አይተርፍም» የሚል አባት አይታጣም። እንዲህ ያለው ወሬ ሰው ከሕክምና እንዲሸሽ ያደርጋል።

ሁለተኛው ኔልሰን ማንዴላ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ማንዴላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በ83 ዓመታቸው የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘባቸው። ነገሩን አልደበቁም፤ ለሕዝብ ይፋ ተደረገ። የጨረር ሕክምናቸውን ተከታተሉ። ከዚያ በኋላ ከ12 ዓመት በላይ ኖረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 በ95 ዓመታቸው ዐረፉ። ካንሰር ሲባል ወዲያው ሞት ማለት እንዳልሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ምርመራው እንዴት ነው?

መጀመሪያ የሚደረገው መነጋገር ነው። ሐኪሙ ስለ ሽንት ሁኔታ፣ ስለ ዕድሜና ስለ ቤተሰብ ይጠይቃል። አባቱ ወይም ወንድሙ የፕሮስቴት ካንሰር የነበረበት ሰው ለበሽታው ያለው ተጋላጭነት ከሌላው በእጥፍ ያህል ይበልጣል። እናት ወይም እኅት የጡት ካንሰር ከነበረባቸውም መናገር ይገባል፤ አንዳንዱ በዘር የሚተላለፍ ችግር ለሁለቱም መነሻ ይሆናልና።

ቀጥሎ ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራ አለ። ፒኤስኤ ፕሮስቴት የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በደም ውስጥ መጠኑ ከፍ ማለቱ ጥርጣሬ ያሳድራል። ይሁን እንጂ ዕጢው ሲተልቅም፣ ሲመረቅዝም ይጨምራል። ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት የግብረ ሥጋ ግንኙነት ማድረግም ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቁጥር ብቻ ተነሥቶ «ካንሰር አለብኝ» ማለት ስሕተት ነው።

ሌላው ሐኪሙ ጓንት አድርጎ በፊንጢጣ በኩል ዕጢውን በጣት የሚዳስስበት ምርመራ ነው። ብዙ አባቶች ከሆስፒታል የሚቀሩት ይህን ፈርተው ነው። ምርመራው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ የሰውን ክብርም አይነካም። ላም ማርገዟን ለማወቅ የእንስሳት ሐኪም በዚያው በኩል እጁን አስገብቶ ሲመረምር አይቶ ያልተገረመ አርቢ፣ የራሱን ሕይወት ለማትረፍ ሲሆን ሊያፍር አይገባም። ካንሰር መኖሩ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ግን ከዕጢው በመርፌ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ብቻ ነው።

ምልክት የሌለው ሰው መቼ ይመርመር? የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ምክር በ50 ዓመት፣ ለጥቁር ወንዶችና የቅርብ ዘመድ በበሽታው ለተያዘበት ሰው በ45 ዓመት ከሐኪም ጋር ስለ ምርመራው ጥቅምና ጉዳት ተነጋግሮ መወሰን ነው። ጉዳት መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። የፕሮስቴት ካንሰር ብዙ ጊዜ በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ አንዳንዱ ሰው ካንሰሩን እንደያዘ፣ ሳያውቀውም፣ በሌላ ምክንያት በእርጅና ይሞታል። እንዲህ ያለውን ሰው በከባድ ሕክምና ማንገላታት ያለ ጥቅም መጉዳት ነው።

ነገሩ ለገበሬ እንግዳ አይሆንም። በሰብል ጥበቃ ትምህርት አንድ ትል ስለታየ ማሳው በሙሉ መድኃኒት አይረጭም። አሰሳ ይደረጋል፣ ይቆጠራል፣ ጉዳት የሚያደርስበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ርምጃ ይወሰዳል። ሐኪሞችም አነስተኛና ቀስ ብሎ የሚያድግ ካንሰር ሲያገኙ ደምና ናሙና እየወሰዱ በቅርብ የሚከታተሉበት አሠራር አላቸው። ማሳውን ጨርሶ የማያይ ገበሬና የሚያስስ ገበሬ ግን አንድ አይደሉም። ሁለቱም መድኃኒት አልረጩም፤ በጊዜው የሚደርሰው ያሰሰው ነው።

ሕክምናው

ካንሰር ያልሆነው መተለቅ በሚዋጥ መድኃኒት ይታገዛል፤ ካስፈለገም በሽንት ቧንቧው በኩል ወይም በሌላ መንገድ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል።

ካንሰሩ ከዕጢው ሳይወጣ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ዕጢውን በማውጣት ወይም በጨረር የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። በአሜሪካ በዚህ ደረጃ ከተገኘባቸው ሕሙማን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ በኋላ የተገኘባቸው ግን ከ3ቱ 1 ያህሉ ብቻ ናቸው። ቀዶ ሕክምናውም ሆነ ጨረሩ ሽንት መቆጣጠር አለመቻልንና የወንድነት መድከምን ሊያስከትል ስለሚችል፣ ባልና ሚስት አብረው ገብተው ሐኪሙን ቢጠይቁ መልካም ነው።

ለተዛመተ ካንሰር የሚሰጠው ዋናው ሕክምና የወንድነት ሆርሞንን ማቆም ነው። አርቢ ወይፈን ሲኮላሽ ጠባዩም ሰውነቱም እንደሚለወጥ ያውቃል። ቻርልስ ሃጊንስ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1941 የፕሮስቴት ካንሰርም በዚሁ ሆርሞን እንደሚያድግና ሆርሞኑ ሲቋረጥ እንደሚቀንስ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1966 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ዛሬ ይህ በመርፌ ወይም በቀላል ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ሕመሙን አስታግሦ ዕድሜ ያራዝማል፤ ሙቀት ሙቀት ማለት፣ ድካምና የአጥንት መሳሳት ግን አብረውት ይመጣሉ።

የየካ ነዋሪ በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ይጀምራል። ከዚያ እዚያው ክፍለ ከተማ ውስጥ ወደሚገኘው፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደተቋቋመው ምኒልክ ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍለታል። የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ የነበረ ሲሆን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን በመሳሰሉ ቦታዎችም ተጀምሯል። ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ሰው ወረፋውና የማደሪያ ወጪው ቀላል አይደለም። ቶሎ መታከም ከብዙ እንግልት የሚያድነውም ለዚህ ነው።

ስለ ጥቁር እንጨት፣ ስለ ጸበልና ስለ ገበያ መድኃኒት

በደጋ ደኖቻችን ከጽድ፣ ከወይራና ከኮሶ ጋር የሚበቅል ጥቁር እንጨት የሚባል ዛፍ አለ። የዚህ ዛፍ ቅርፊት ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ እየተላከ ለፕሮስቴት መተለቅ መድኃኒት መሥሪያ ሲውል ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ተጣርቶ በመጠን የተዘጋጀው መድኃኒት የሽንት ችግሩን በመጠኑ ያቀላል። ካንሰርን ግን አያድንም። ቅርፊቱን ቀቅሎ በግምት መጠጣት መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው አደገኛ ነው። ዛፉም ዙሪያውን ሲላጥ ይደርቃል። በብዙ አገሮች በዚህ ምክንያት እየተመናመነ በመሄዱ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ችግኙን አፍልተው በተራቆቱ ተራሮች ላይ ቢተክሉት የሚመሰገን ነው፤ ለመድኃኒትነቱ ግን ባለሙያው ይጠየቅ።

በእንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቀው ሕመምተኛ ብዙ ነው። በኤች አይ ቪ ዘመን «ጸበል ከያዝኩ መድኃኒት አልወስድም» የሚሉ ነበሩ፤ በኋላ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ አስተምረው ብዙ ሰው ተርፏል። ለፕሮስቴት ሕመምተኛም ትምህርቱ ያው ነው። እየተጠመቀ ይመርመር፤ እየተመረመረ ይጠመቅ።

በየሱቁ «ፕሮስቴትን የሚከላከል» ተብለው የሚሸጡ ቫይታሚኖችንም በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ከ35 ሺህ በላይ ወንዶች በተሳተፉበት አንድ ትልቅ ጥናት ቫይታሚን ኢ እና ሴሌኒየም የፕሮስቴት ካንሰርን አልከላከሉም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ውጤት ቫይታሚን ኢ ብቻውን የወሰዱት ላይ በሽታው በ17 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል።

ጤንነትን ለመጠበቅ

የፕሮስቴት ካንሰርን በእርግጠኝነት የሚከላከል ምግብ እስካሁን አልተገኘም። ሲጋራ አለማጨስ፣ ከመጠን በላይ አለመወፈር፣ መንቀሳቀስ፣ ጮማ ቀንሶ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ሽሮና ምስር ማዘውተር ግን ለመላው ሰውነት ይበጃል፤ በሽታው ቢመጣም ለመቋቋም ያግዛል። ሌሊት ደጋግሞ የሚነሣ ሰው ከመኝታ በፊት ቡና፣ ሻይና ጠላ ቢቀንስ ይቀለዋል። ሽንት ላለመሽናት ብሎ ቀኑን ሙሉ ውኃ መተው ግን ጎጂ ነው።

ከማኅበራት የሚጠበቅ

ማኅበራት ይህን ዝምታ ለመስበር ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ናቸው። በጠቅላላ ጉባኤ ዕለት ከጤና ጣቢያ ወንድ ባለሙያ ጋብዞ ለአንድ ሰዓት ማስተማር ይቻላል። ማዳበሪያ ለመረከብ በሚሰለፍበት ቀን 50 ዓመት ያለፋቸውን አባላት ስለ ሽንታቸው በግል የሚያነጋግር ሰው ማዘጋጀት ይቻላል። በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሚሠራበት አካባቢ አባላት መታወቂያቸውን በየዓመቱ እንዲያድሱ ማስታወስ፣ የትኛው ምርመራ እንደሚሸፈንም አስቀድሞ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ማጣራት ጠቃሚ ነው። እድሮችም ለቀብር እንደሚያዋጡት ሁሉ ለአንድ አባል የሆስፒታል መመላለሻ ቢያግዙ፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ ደረሱለት ማለት ነው።

እናቶችም ትልቅ ድርሻ አላቸው። ባል ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሣ፣ ሽንቱ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ወገቡ መቼ እንደሚያመው አስቀድማ የምታውቀው ሚስት ናት። «ተነሥ እንሂድ» የምትል ሚስት ያለችው ሰው ዕድለኛ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤ ገበሬ በማኅበር የተደራጀው ብቻውን የማይችለውን በጋራ ለመቻል ነው። ይህም ሕመም ከእነዚያ አንዱ ነው። ዛሬ ከዚህ ስብሰባ ሲወጡ አንዱ አባት ለጎረቤቱ «አንተስ ሌሊት ስንቴ ትነሣለህ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጎረቤቱም ሳያፍር ቢመልስ፣ ሁለቱም በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ቢሄዱ የዛሬው ትምህርት ፍሬ አፈራ ማለት ነው።